ማየት ሌላ፣ መታየት ሌላ

(በአማርኛ የሬዲዮ ፕሮግራማችን ከቀረበ ንግግር)

  እኔ በዚህ በሃይፋ ከተማ ከማኅበረሰባችን ቤተሰቦች ጋር የምሠራ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛ ነኝ፤ በዕብራይስጡ «ኦቬዴት ሶሲያሊት» የምትሏት። ብዙዎቻችሁ የምታውቁኝ በልጆች ትምህርት፣ በቤት ኪራይ ወይም በቢቱዋሕ ሌኡሚ ወረቀት ጉዳይ ነው። ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብሁት ርእስ ግን ለየት ያለ ነው፤ በማታ ብስክሌት ስለ መንዳት ነው። «እሷን ከብስክሌት ጋር ምን አገናኛት?» የሚል ሰው ቢኖር አልፈርድበትም። ያገናኘኝ ያው ሥራዬ ነው። ጥቂት ታገሡኝና እነግራችኋለሁ።

መጀመሪያ ስለ ጊዜው ላንሣ። በአገር ቤት ክረምት ከበጋ ፀሐይ የምትጠልቀው በ12 ሰዓት አካባቢ ነው። ገበሬውም፣ እረኛውም፣ ውኃ ቀጂዋም ጨለማው መቼ እንደሚመጣ ሰዓት ሳያዩ ያውቁታል። እዚህ አገር ግን እንዲያ አይደለም። ከአስተሰርዮ እስከ ስግድ ባሉት 50 ቀናት ውስጥ ቀኑ በግልጽ እያጠረ ይሄዳል፤ በኦክቶበር የመጨረሻ እሑድ ደግሞ ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል። ዲሴምበር ሲገባ በሃይፋ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር ከቀኑ 10 ሰዓት ተኩል አለፍ ሲል ነው። ትናንት በብርሃን ወደ ቤቱ ይመለስ የነበረው ሠራተኛ፣ በብርሃን ከማትናስ ይመለስ የነበረው ልጅ፣ መንገዱም ብስክሌቱም ሳይለወጥ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሌሊት ተጓዥ ይሆናል። እሱ ግን ልብሱንም አልቀየረ፣ መብራትም አልገዛ። አደጋው የሚገባው በዚህች ቀዳዳ ነው።

ባለፈው ክረምት ያነጋገርኋቸው አንድ አባት አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደውልኛል። የሚኖሩት በቅርያት ሐይም ነው። ሰፈሩ ሜዳ በመሆኑ ሽማግሌውም ሕፃኑም በብስክሌት የሚሄድበት እንደ ሆነ ታውቃላችሁ። እኚህ አባት በሚፍራጹ አካባቢ ባለ አንድ የሥራ ቦታ በሌሊት ፈረቃ ያጸዳሉ። የፈረቃው ሰዓት ከአውቶቡሱ ጋር አልገጥም ስላላቸው ከሰው እጅ የገዙትን አሮጌ ብስክሌት ይነዱ ነበር። ብስክሌቱ ፍሬን አለው፣ ደወል አለው፤ መብራት ግን የለውም። እሳቸውም የሚለብሱት ጥቁር ጃኬትና ጥቁር ሱሪ ነበር። አንድ ማታ፣ ዝናብ እንዳባራ፣ ከጎን መንገድ የወጣ መኪና ገጭቶ ጣላቸው። የትከሻቸው አጥንት ተሰበረ።

ሆስፒታል ሄጄ ስጠይቃቸው አንድ ነገር ብቻ ደጋግመው ይነግሩኝ ነበር። «ልጄ፣ እኔ'ኮ አይቼዋለሁ! መብራቱ ቦግ ብሎ እየበራ ነው የመጣው። አየሁት፤ እሱም ያየኛል ብዬ መንገዴን ቀጠልሁ» አሉኝ። ሾፌሩ ደግሞ ለፖሊስ የሰጠው ቃል «አላየሁትም» የሚል ነበር። የእሳቸው ቤተሰብ በዚህ ቃል እጅግ ተቆጥቶ ነበር። «እንዴት ሰው የሚያህል ነገር አላየሁም ይላል? ዋሽቶ ነው!» አሉ።

ወገኖቼ፣ እኔ ነገሩን ደጋግሜ ሳስበው ሁለቱም እውነታቸውን እንደ ነበር ነው የተረዳሁት። እሳቸው አይተውታል፤ እሱ ግን አላያቸውም። ዛሬ ማታ ልነግራችሁ የመጣሁትም ይህንኑ ነው፤ ማየት ሌላ፣ መታየት ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በጨለማ መንገድ ላይ ስትቆሙ መኪና ከሩቅ ሲመጣ ይታያችኋል፤ ሁለት ትልልቅ መብራት ይዞ ነዋ የሚመጣው። ዓይናችሁ እሱን በደንብ ስላየው ልባችሁ «እሱም አየኝ» ይላል። ሾፌሩ ግን ያለው በመብራቱ በስተ ኋላ ነው። የሚያየው መብራቱ የነካውን ብቻ ነው። ዝቅ ተደርጎ የሚበራው የመኪና መብራት ደግሞ የተሠራው ፊት ለፊት የሚመጣውን ሾፌር እንዳያሳውር ስለሆነ ወደ መሬት ያዘነበለ ነው። በዚህ ላይ መስተዋቱ በዝናብ ሲርስ፣ የሌሎች መኪናዎችና የሱቆች መብራት አስፋልቱ ላይ ሲያብለጨልጭ፣ ጥቁር የለበሰ ሰው ከጨለማው ጋር አንድ ይሆናል።

እስቲ በቁጥር እንየው። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሴኮንድ ውስጥ 14 ሜትር ገደማ ይጓዛል። «ሰላም ለእናንተ» ብላችሁ እስክትጨርሱ ማለት ነው። ስለ መንገድ ደኅንነት የሚያስተምሩ ሰዎች ጥቁር ልብስ የለበሰ ሰው ማታ ለሾፌር የሚለየው 30 ሜትር ገደማ ሲቀር ነው ይላሉ። እንግዲህ ሾፌሩ አይቶ፣ «ሰው ነው» ብሎ፣ እግሩን ወደ ፍሬኑ እስኪያነሣ አንድ ሴኮንድ ቢፈጅበት 14 ሜትሩ አለቀ። የቀረው 16 ሜትር ነው። አስፋልቱ ደረቅ ከሆነ ለጥቂት ይቆም ይሆናል። እርጥብ ከሆነ ግን አይቆምም። ያው ሰው የሚያንጸባርቅ ጥብጣብ ቢያደርግ ከ100 ሜትር በላይ ርቆ ሳለ ይታያል፤ ለሾፌሩ 7 ሴኮንድ ያህል ጊዜ ሰጠው ማለት ነው። በሁለት ሴኮንድና በሰባት ሴኮንድ መካከል ያለው ልዩነት የሰው ሕይወት ነው።

አሁን ደግሞ ወደ ሌላ ነገር ላምጣችሁ፤ ከብስክሌቱ የራቅሁ እንዳይመስላችሁ። አጎቴ በ1984 ከጎንደር ተነሥተው በእግራቸው ወደ ሱዳን ከሄዱት ወገኖቻችን አንዱ ናቸው። ከዚያም በዘመቻ ሙሴ ነው እዚህ የደረሱት። እኔ በ1991 በዘመቻ ሰሎሞን ስመጣ የ4 ዓመት ልጅ ስለ ነበርሁ የዚያን መንገድ መከራ የማውቀው እሳቸው ሲያወሩ ሰምቼ ነው። «ቀን ቀን ቁጥቋጦ ሥር ተኝተን እንውላለን፤ ማታ ማታ እንጓዛለን። ክብሪት የሚጭር የለም፣ የሚያስል የለም። ልጅ ሲያለቅስ እናቱ አፉን በነጠላዋ ትይዛለች። ብርሃን ከታየ ሽፍታ ወይም ወታደር ይመጣብናል» ይሉን ነበር። በዚያ ዘመን መደበቅ ሕይወትን ማትረፊያ ጥበብ ነበር። ብዙዎቻችሁ፣ ይህን የምትሰሙ አባቶችና እናቶች፣ በእግራችሁ የሄዳችሁበት ስለሆነ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ አስተዳደጋችንም አለ። ጨዋ ሰው ዝቅ ብሎ ያልፋል፤ «እዩኝ እዩኝ» አይልም፤ ሰው አያስቸግርም። ይህ መልካም ባሕርያችን ነው፤ እኔም የተማርሁት ይህንኑ ነው። ነገር ግን በሌሊት መንገድ ላይ ብስክሌት ይዞ የሚደበቅ ሰው የሚደበቀው ከጠላት አይደለም። ሊያድነው ከሚችለው ሰው፣ ከሾፌሩ ነው የሚደበቀው። ያኔ በሱዳን መንገድ መብራት ያበራ ራሱንም ወገኑንም ያስጨርስ ነበር፤ ዛሬ በሃይፋ መንገድ መብራት ያላበራ ራሱን ያስጨርሳል። ዘመኑም መንገዱም ተለውጧልና ልማዳችንን መለወጥ አለብን።

አንዳንድ ወጣቶች «እኛ ጥቁር ስለሆንን ማታ አንታይም» እያሉ ሲቀልዱ እሰማለሁ። ቀልዱ ይቅርና እውነቱን ልንገራችሁ። ጥቁር ጃኬትና ጥቁር ኮፍያ የለበሰ ነጭም ቢሆን ማታ አይታይም። ሾፌር ከሩቅ የሚለየው የፊታችንን መልክ ሳይሆን የለበስነውንና የያዝነውን መብራት ነው። እኛም ስንፈጠር የጎደለብን ነገር የለም፤ የሚጎድለው ብስክሌቱ ላይ ያለው መብራት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? «ሳይቃጠል በቅጠል» ይባል የለ! ከመብራቱ እንጀምር። ዕብራይስጡ «ፓናስ» ይለዋል፤ የእኛን «ፋኖስ» ይመስላል። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ቀይ መብራት መኖር አለበት፤ ሕጉም የሚያዘው ይህንን ነው። ቀለሙ ዝም ብሎ ለጌጥ የተመረጠ አይደለም። ነጭ ያየ ሾፌር «ወደ እኔ እየመጣ ነው» ብሎ ያውቃል፤ ቀይ ያየ «ከፊቴ እየሄደ ነው» ብሎ ያውቃል። አንዱን በሌላው ቦታ ያደረገ ሰው ሾፌሩን ያሳስተዋል። የፊቱን መብራት ትንሽ ወደ መሬት አዘንብሉት፤ ጉድጓዱን ለእናንተ ያሳያል፣ የሌላውንም ዓይን አያሳውርም። የኋላው መብራት በካፖርት ጫፍ ወይም በተሸከማችሁት ቦርሳ እንዳይሸፈን ተመልከቱ። አሁን የሚሸጡት መብራቶች እንደ ስልክ በኤሌክትሪክ የሚሞሉ ናቸው፤ ስለዚህ ማታ ስልካችሁን ስትሰኩ አብራችሁ ሰኩት። በመንገድ መካከል የሞተ መብራት ከሌለ መብራት አይሻልም።

ሁለተኛው አንጸባራቂ ነው። ይህ ከመብራት የተለየ መሆኑን አስተውሉ። አንጸባራቂ የራሱ ብርሃን የለውም፤ የመኪና መብራት ሲነካው ብርሃኑን ወደ መጣበት ይመልሳል። ስለዚህ ከኋላችሁ ለሚመጣ መኪና በጣም ይጠቅማል። ነገር ግን እንደ እኒያ አባት ጉዳይ፣ መኪናው ከጎን መንገድ ሲወጣ መብራቱ ገና ወደ እናንተ አልዞረም፤ ያልነካውን ነገር አንጸባራቂው ሊመልስ አይችልም። «አንጸባራቂ አለኝ፣ መብራት ምን ያደርግልኛል?» የሚል ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሁለቱም ያስፈልጋሉ።

ስለ ቢጫው ሰደርያም አንድ ነገር ልበል። ቢጫው ቀለም የሚረዳው ቀንና ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። በጨለማ የሚሠራው በላዩ የተሰፋው ብርማ ጥብጣብ ነው። ስለዚህ ጥብጣቡ ተልጦ ያለቀ አሮጌ ሰደርያ ለብሶ ማታ መውጣት ራስን ማታለል ነው። ነጭ ነጠላም ቢሆን የጥብጣቡን ያህል አይሠራም፤ ጭራሽ ጎማ ውስጥ ገብቶ ይጥላል። ከሁሉ የሚሻለው ደግሞ ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር አንጸባራቂ ነው። እግር ፔዳል ሲመታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የሰው ዓይን ይህን እንቅስቃሴ ከሩቅ አይቶ ወዲያው «ሰው ነው» ይላል።

ይህን ሰደርያ በተመለከተ የገጠመኝን ልንገራችሁ። አንድ ማታ በማትናስ ከወላጆችና ከልጆች ጋር ስለዚህ ጉዳይ ስንነጋገር አንድ ሰደርያ አውጥቼ ለ15 ዓመት ልጅ ሰጠሁት። ልጁ በሁለት ጣቱ አንሥቶ አየውና «ይሄ'ኮ የጽዳት ሠራተኛ ልብስ ነው፤ ጓደኞቼ ይስቁብኛል» አለ። እናቱ ከሥራ በቀጥታ መጥታ አጠገቡ ተቀምጣ ነበር። ቀና አለችና «አንተ ልጅ፣ እኔ ይህን ለብሼ ነው ጫማህን የምገዛልህ» አለችው። ቤቱ ጸጥ አለ። እኔም የምለው ጠፋኝ።

ልጁ የዚያን ዕለት ሰደርያውን አልወሰደም። ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን ብርማ ጥብጣብ ገዝቶ ቦርሳው ላይና ጫማው ተረከዝ ላይ ለጥፎ አየሁት፤ ብስክሌቱም ላይ ቀይ መብራት አለ። ምንም አልተናገርሁትም፣ እሱም ምንም አልነገረኝም። ከዚህ የተማርሁት ነገር ቢኖር ይህ ነው፤ ወላጆች ሆይ፣ በሰደርያ ምክንያት ከልጃችሁ ጋር አትጣሉ። ሰደርያው ካሳፈረው ቦርሳው ይብራ፣ ጫማው ይብራ፣ ጎማው ይብራ። በመብራቱ ግን ድርድር አይኑር። መብራት ከሌለው ማታ ብስክሌቱ ከቤት አይወጣም። ለልጃችሁም ንገሩት፤ በሠርቶ አዳሪ ልብስ የሚያፍር ሰው የሚያፍረው በእናቱ ነው።

አሁን ወደ ከተማችን መንገዶች እንምጣ። ሃይፋ ከካርሜል ተራራ እስከ ባሕር የተዘረጋች ከተማ ናት። በቅርያት ሐይም፣ በባት ጋሊምና በቅርያት ኤሊዔዘር መሬቱ ሜዳ ነው። ከኔቬ ዮሴፍ ወደ ቼክ ፖስት ወይም ከሀዳር ወደ ታችኛው ከተማ የሚወርድ ሰው ግን ፔዳል ሳይመታ እንደ መኪና ይፈጥናል። ቁልቁለት ከመውረዳችሁ በፊት ሁለቱንም ፍሬን ሞክሩ። በማታ መውረድ ያለባችሁ የራሳችሁ መብራት በሚያሳያችሁ ርቀት ውስጥ ልትቆሙ በምትችሉበት ፍጥነት ነው። መብራታችሁ የሚያሳየው ስምንት ሜትር ከሆነ በስምንት ሜትር መቆም መቻል አለባችሁ። «የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» ይላሉ አበው፤ እዚህ የሚፈስሰው ግን እህል አይደለም።

የመጀመሪያው ዝናብ፣ «ዮሬ» የሚሉት፣ ሲጥል ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በጋውን ሙሉ አስፋልቱ ላይ የተጠራቀመው ዘይትና አቧራ ከውኃው ጋር ተቀላቅሎ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። የዚያን ዕለት ብስክሌቱን ቤት ትቶ በአውቶቡስ መሄድ ሽንፈት አይደለም።

በወደቡና በሚፍራጹ በኩል ለሥራ የምትሄዱ ደግሞ ከከባድ መኪናዎች ተጠንቀቁ። ከባድ መኪና ወደ ቀኝ ሲታጠፍ ሾፌሩ በቀኝ ጎኑ አጠገብ ያለውን ብስክሌት ብዙ ጊዜ አያየውም፤ መብራት ቢኖራችሁም አያያችሁም። መስቀለኛ መንገድ ላይ ከጎኑ አትቁሙ፤ ወይ ከኋላው ቆዩ፣ ወይ ፊቱ በሚታይ ቦታ ሁኑ። የሾፌሩን ዓይን ካላያችሁ እሱም አላያችሁም ብላችሁ ቁጠሩ። ከ2013 ጀምሮ የሚሠራው የመትሮኒት መስመርም ባዶ ሆኖ ሲታይ ያጓጓል፤ ነገር ግን የብስክሌት መንገድ አይደለም። በ2010 በተከፈቱት የካርሜል ዋሻዎችም በብስክሌት መግባት የተከለከለ ነው። ከቆሙ መኪናዎች አንድ ሜትር ያህል ራቁ፤ ሰው ሳያይ በር ሲከፍት የወደቀ ብዙ ነው። ከትራፊኩ በተቃራኒ አትንዱ፤ በእግረኛ መሻገሪያ ላይም ከብስክሌቱ ወርዳችሁ እየገፋችሁ ተሻገሩ።

ስለ ልጆች ሳልናገር ባልፍ ሥራዬን አልሠራሁም። በዚህ አገር ሕግ ከ18 ዓመት በታች የሆነ ሁሉ ብስክሌት ሲነዳ የራስ ቁር፣ «ካስዳ» የሚሉትን፣ ማድረግ አለበት። አዋቂም ቢሆን ከከተማ ውጭ ሲነዳ ግዴታ አለበት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት የሚነዳ ደግሞ ዕድሜው ምንም ይሁን ምን፣ ከተማ ውስጥም ቢሆን ማድረግ አለበት። የኤሌክትሪክ ብስክሌት 16 ዓመት ላልሞላው ልጅ የተከለከለ ነው፤ ፍጥነቱም በሰዓት ከ25 ኪሎ ሜትር ማለፍ የለበትም። «ጓደኞቹ ሁሉ አላቸው» ብላችሁ ለ14 ዓመት ልጅ የምትገዙ ወላጆች አላችሁ፤ አውቃለሁ፣ ልጃችሁ ከሌላው እንዳያንስባችሁ ብላችሁ ነው። ነገር ግን ለልጅ ክብር መግዛትና አደጋ መግዛት ይለያያሉ።

በአስተሰርዮ ቀን ያለውንም እናስብ። እኛ ጾመን በጸሎት ስንውል የከተማው ልጆች ባዶውን መንገድ በብስክሌት ይሞሉታል፤ ዋዜማው ማታም እንዲሁ። በየዓመቱ በዚያ ቀን ብስክሌት ላይ የወደቁ ብዙ ልጆች በማጌን ዳዊድ አዶም ይታከማሉ። አምቡላንስና የፖሊስ መኪናም የሚሄድበት ቀን ነው። ከዚያም በላይ አንድ መጥፎ ትምህርት ይሰጣል፤ ልጁ «መንገዱ የእኔ ነው» ብሎ ይለምድና በማግስቱ መኪናዎቹ ሲመለሱ ልማዱ አብሮት ይወጣል።

አደጋ ከደረሰስ? ወደ እኒያ አባት ልመልሳችሁ። ከመሬት ሲነሡ ለሾፌሩ የተናገሩት የመጀመሪያ ቃል «ደኅና ነኝ፣ ደኅና ነኝ፣ ሥራ ይረፍድብኛል» የሚል ነበር። በተሰበረ ትከሻ ብስክሌታቸውን ሊያነሡ ሞከሩ። አምቡላንስ የጠራው ሾፌሩ ራሱ ነው፤ ይህንን ስላደረገ አመሰግነዋለሁ። ያ ሰው «እሺ» ብሎ ቢሄድ ኖሮ እኒያ አባት ማን እንደ ገጫቸው፣ የት እንደ ተገጩ የሚያስረዳ ወረቀት አይኖራቸውም ነበር።

ስለዚህ «ደኅና ነኝ» አትበሉ። አምቡላንስ 101፣ ፖሊስ 100 ደውሉ። የመኪናውን ቁጥርና የሾፌሩን ስም ያዙ፤ ያየ ሰው ካለ ስልኩን ተቀበሉ። ሆስፒታል ስትደርሱ በመንገድ አደጋ መጎዳታችሁን፣ ወደ ሥራ ስትሄዱ ወይም ከሥራ ስትመለሱ ከሆነም ይህንኑ ተናገሩና ያስጽፉ። ወደ ሥራ በሚወስደው ወይም ከሥራ ወደ ቤት በሚመልሰው መንገድ ላይ የሚደርስ አደጋ በቢቱዋሕ ሌኡሚ ዘንድ እንደ ሥራ ላይ አደጋ የሚታይ ሲሆን፣ መሥራት ለማይችል ተቀጣሪ እስከ 91 ቀን የሚደርስ ክፍያ አለው። በሌላ በኩል በ1975 በወጣው የመንገድ አደጋ ተጎጂዎች የካሣ ሕግ መሠረት፣ በመኪና የተገጨ ብስክሌተኛ ለደረሰበት የአካል ጉዳት ጥፋቱ የማን ነው ሳይባል ከመኪናው የግዴታ ኢንሹራንስ ካሣ የመጠየቅ መብት አለው። ይህ ልመና አይደለም፤ መብት ነው። ቋንቋው ካስቸገራችሁ ወደ እኛ ኑ፤ ለዚህ ነው የተቀመጥነው።

አንድ ነገር ልጨምር። በሰፈራችሁ የመንገድ መብራት ከጠፋ ወደ ማዘጋጃ ቤቱ 106 ደውሉና የመንገዱን ስምና አቅራቢያውን የቤት ቁጥር ንገሩ። «ሌላ ሰው ይደውል» እየተባለ ወር ሙሉ የጨለመ መንገድ አውቃለሁ። ከደወላችሁ በኋላ የጥሪውን ቁጥር ጻፉ፤ ካልተሠራ ያንን ቁጥር ይዛችሁ እንደገና ደውሉ። ለማኅበራትና ለወላጅ ኮሚቴዎችም አሳብ አለኝ። ለሌሊት ፈረቃ በብስክሌት የሚሄዱ አባቶች በየሰፈራችን አሉ፤ ሁለት ትናንሽ መብራት ለመግዛት ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። ሐምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሐምሳ ሰው ጌጡ ነው።

እኒያ አባት አሁን ደኅና ናቸው፤ ትከሻቸው ድኗል፣ ብርድ ሲሆን ግን ይጠዘጥዛቸዋል። ወደ ሥራቸው ተመልሰዋል፤ ብስክሌቱንም አልተዉትም። በቅርቡ ማታ መንገድ ላይ አገኘኋቸው። መጀመሪያ ያየሁት ሰውየውን ሳይሆን ከፍ ዝቅ የሚል ብርማ ነገርና አንድ ነጭ መብራት ነበር። ሲቀርቡ ቆም አሉና «ከየት ጀምሮ አየሽኝ?» ብለው ጠየቁኝ። «ከዚያ ከመታጠፊያው ጀምሮ» አልኋቸው። ርቀቱን ዞር ብለው አዩና «ይበቃል» አሉ።

ስለዚህ ውድ አድማጮቼ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። ልጃችሁ ወይም ባለቤታችሁ ብስክሌቱን ይዘው እታች መንገድ ላይ ይቁሙ፤ እናንተ በመስኮት ተመልከቱ። ካልታዩአችሁ ለሾፌርም አይታዩም። ይህን ለማወቅ የሾፌር «አላየሁትም» የሚል ቃል እስኪመጣ አንጠብቅ።